አሥራ ሁለተኛው ሰው እስኪገባ

ዳቦው ተቆረሰ፤ ቤቱ ውስጥ ግን ሰው አልነበረም።

እድላዊት በየሱፍ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ፣ አቧራ በጠጣው አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ አሥራ ሁለት ባዶ መቀመጫ ታያለች። ቄሱ ባርከዋል። ዳቦው ተከፍሏል። ከላይ «ማኅበሩ በሰላም ተፈጸመ» የሚል ጽሑፍ በወርቅማ ቀለም ብልጭ ድርግም ይላል። ማኅበርተኞቹ ግን ገና ከወንዙ ማዶ ናቸው። አንዱ እግሩን አንሥቶ፣ ሌላው ሊያነሣ አስቦ፣ እየተንቀጠቀጡ ይመጣሉ።

«ይኼ ምን ዓይነት ድግስ ነው ቲቸር?» አለ የሱፍ ከኋላዋ አንገቱን አስግጎ። «እንግዳው መንገድ ላይ፣ ዳቦው ሆድ ውስጥ!»

«ቤት ስሞክረው ደኅና ነበር፣ ጋሽ የሱፍ።»

«አንቺ ቤት ሲሆን ይመጣሉ፣ እኔ ቤት ሲሆን ይቀራሉ? ክርስቲያን እንዳልሆንኩ ሰምተው ይሆናላ።»

እድላዊት ፈገግ ለማለት ሞከረች። የግድግዳው ሰዓት ከጠዋቱ ሦስት ከሩብ ይላል። ቀኑ ዓርብ ነው፤ ከተማችን አርብ ገበያ ደግሞ ዓርብ ሲሆን በሰውና በአህያ ይሞላል። በሩ ላይ መታወቂያ ኮፒ የሚያስደርጉ ገበሬዎች ተሰልፈዋል። ይህ የሠራችው ጨዋታ እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ አዲስ አበባ መድረስ አለበት።

አዲስ አበባ ያለው የኮምፒዩተር ጨዋታ የሚሠራ አንድ ድርጅት ነው። አንድ ሰው ይቀጥራል። ሥራ ፈላጊው በራሱ የሠራውን ጨዋታ ይላክ ብሏል፤ ጨዋታው በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ መሥራት እንዳለበትም ጽፏል። እድላዊት ከቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ማስተማር የተረፋትን ሁለት ዓመት በሙሉ በዚህ ጨዋታ ላይ አፍስሳለች። እኛ ጎረቤቶቿ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለን ወሬ ስናበጥር እሷ መስኮቷ ሥር ያንን የላፕቶፕ ክዳን ከፍታ ስትኳትን ነው የከረመችው። ትዳር አስጠልቷት ነው የሚል ነበር፤ ዲቪ እየሞላች ነው የሚልም ነበር።

ጨዋታው የጊዮርጊስ ማኅበር ነው። ተጫዋቹ ተረኛ ደጋሽ ሆኖ በየቤቱ እየዞረ፣ ውሻ እየሸሸ፣ ወንዝ እየተሻገረ አሥራ ሁለቱን ማኅበርተኞች ይጠራል። ሁሉንም ጠርቶ ሲጨርስ እነሱ ወደ ቤቱ ይመጣሉ፣ ቄሱ ይባርካሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል። በቃ። ማለቂያው ይኸው ነው፤ ያስቸገራትም ይኸው ማለቂያው ነው።

ነገሩን ብዙ ጊዜ አስረድታናለች፤ ገብቶናል ብሎ የሚምል ግን የለም። ኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚፈጽመው በመስመር ነው፤ አንደኛው ሳያልቅ ሁለተኛው አይነካም። ኮሩቲን የሚሉት የሥራ ዓይነት ግን ከዚህ ይለያል። ተጠርቶ ይነሣል፣ አንድ እርምጃ ይራመዳል፣ ከዚያ ያርፋል። ሲያርፍ የጠራው ቆሞ አይጠብቀውም፤ ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል። ኮምፒዩተሩ ሌላ ሥዕል ሲስል ያረፈው ካቆመበት ተነሥቶ ሌላ እርምጃ ይራመዳል። እድላዊት መጀመሪያ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ነበር የጻፈችው። ማኅበርተኞቹ ይምጡ። ዳቦው ይቆረስ። ማኅበርተኞቹም ገና አንድ እግር ሳይራመዱ ዳቦው ተቆርሶ አረፈው። እሷም በሁለቱ መስመሮች መካከል «ስምንት ሰከንድ ቆይ» የሚል ከተተች። በእሷ ላፕቶፕ ማኅበርተኞቹ በሰባት ሰከንድ ይደርሱ ነበር፤ አንዷን ለትሕትና ጨመረችላቸው።

የየሱፍ ኮምፒዩተር ግን ሽማግሌ ነው። የእሷ በሰከንድ ስልሳ ሥዕል ሲስል የእሱ አሥራ አምስት ቢስል ነው። ማኅበርተኞቹ ደግሞ በአንድ ሥዕል አንድ እርምጃ ነው የሚሄዱት። ሰከንዱ በሁለቱም ቤት ያው ነው፤ እርምጃው ግን ያው አይደለም።

«ገባኝ» አለች ድንገት ለራሷ። «ጥበቃው በሰከንድ፣ እርምጃው በሥዕል!»

«አልሐምዱሊላህ» አለ የሱፍ፣ ምኑም ሳይገባው። «እንግዲህ ለጁምዓ ከስድስት ተኩል እስከ ስምንት እዘጋለሁ። ከዚያ በኋላ ነይ፤ ኢንተርኔቱን ላንቺ እይዝልሻለሁ።»

ላፕቶፗን በሻርፗ ጠቅልላ ወጣች። የሽንኩርት ሻጮቹን አልፋ ከእህል ተራው ጥግ ቆመችና ለርብቃ ጻፈች። ርብቃ የዩኒቨርሲቲ የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ይህንን ጨዋታ አብረው ነበር የጀመሩት። «ስሕተቱን አገኘሁት፤ በሰከንድ እየጠበቅሁ በሥዕል አስኬዳቸዋለሁ። አይገርምሽም?» መልእክቱ ሄደ። ከላዩ የዛሬ አራት ወር የላከችው አለ፤ ከዚያም በላይ የዛሬ ስድስት ወር። የርብቃ የመጨረሻ መልስ አንድ የተነሣ አውራ ጣት ነው። እድላዊት ስልኩን ጥቂት አየችው። ከዚያ አንድ ጭነት ጤፍ የያዘ አህያ ከመንገድ ገፋትና ሄደች።

ቤት ስትደርስ ብርነሽ ከበሩ ላይ እንዝርቷን እያሾረች ተቀምጣለች። ብርነሽ ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤት ናት፤ እድላዊት ሥራ ስትሄድ አባቷን የምትጠብቀው እሷ ናት፤ ሰፈሩ ማወቅ ያለበትንና የሌለበትን የሚያውቀውም በእሷ ነው።

«ያ ክዳን ገና አልወለደም?» አለች።

«ዛሬ ይወልዳል እቴ ብርነሽ።»

«ሁለት ዓመት! ዝሆንም እንዲህ አታረግዝም።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ በአገጯ ወደ ጓሮው ጠቆመች። «ስሚያቸው። ይኸው ደግሞ ሊረሱት ነው።»

በጓሮው በኩል፣ ፀሐይ በመታው ግድግዳ ሥር፣ አባቷ መሪጌታ ወልደ ሰንበት ያዜማሉ። በጋይንቷ ቤተ ልሔም የዜማውን መጽሐፍ፣ ድጓን፣ ያስመሰከሩ ሊቅ ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ጉልበታቸውም ቤተ ክርስቲያን ድረስ አያደርሳቸውም። በየቀኑ ግን የዕለቱን እዚያው ግድግዳ ሥር ያደርሳሉ። ድምፃቸው ወጣ፣ ተጠመዘዘ፣ ከፍ አለና፣ መኻል ላይ፣ ልክ እንደተቆረጠ ክር ቆመ።

ዝም አሉ።

«አየሽ?» አለች ብርነሽ። «ዛሬ ብቻ አራተኛቸው ነው። ያን የመሰለ ሊቅ! ጠበል እንውሰዳቸው ስልሽ አትሰሚኝ።»

ይህ ዝምታ የጀመራቸው ካለፈው ኅዳር ወዲህ ነው። ዝም ባሉ ቁጥር እድላዊት የሆነ ነገር ጣል ታደርጋለች፤ ሲጨነቁ ማየት አትወድም። አሁንም ወደ ጓሮው ብቅ ብላ፦

«አባ፣ ምሳ ላቅርብ?» አለች።

መሪጌታ ሌባ ጣታቸውን ብድግ አደረጉ፤ ቆይ ማለታቸው ነው። ጣታቸው በአየር ላይ እንዳለ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ካቆሙበት ቀጠሉ፤ አንዲት ፊደል ሳትዛነፍ።

«መጣላቸው፣ ተመስገን» አለች ብርነሽ።

እድላዊት ለአባቷ የሥራውን ነገር አልነገረቻቸውም። ለብርነሽማ ከተነገረ ወገዳ ከተማ ድረስ ይሰማል። ነገሩን በቅደም ተከተል አስባዋለች፤ መጀመሪያ ትልካለች፤ መልስ ይመጣል፤ ከተቀበሏት ያን ጊዜ ትነግራቸዋለች። ካልተቀበሏት ምን ብላ ታስጨንቃቸዋለች? የሚረሳ ሽማግሌ ጥላ መሄድ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ እሱንም መልሱ ሲመጣ ታስብበታለች። እንዲህ ብላ ነው ራሷን ያሳመነችው።

ላፕቶፑን ሰክታ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ብርነሽ እንዝርቷን ይዛ ተከተለቻት።

«ቆይ እስቲ፣ አሁን ምኑ ነው ያስቸገረሽ?»

«አንድ ሥራ ልኬ፣ እሱ ሳይመለስ ሌላው ይጀመራል።»

«እና ምን አለበት? እኔ እህሉን ወፍጮ ቤት ልኬ እስኪመለስ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም። እፈትላለሁ፣ ሰው አማለሁ።»

«እሱስ ልክ ነው። ዱቄቱ ሳይመጣ ግን አያቦኩም።»

«ምኑን ላቦካ? አየሩን?»

«ይኸው፣ የእኔ ኮምፒዩተር አየሩን አቦካ።»

ብርነሽ እንዝርቷን አቁማ አሰበችበት። «ይኼስ ሞኝ ነው» አለች በመጨረሻ፣ በሐዘኔታ። «እንዲህ ያለውን ነው አዲስ አበባ የሚያመልኩት?» ተነሥታም ሄደች፤ ዝሆንና አየር የሚያቦካ ኮምፒዩተር እስከ ማታ የሚበቃ ወሬ ነው።

እድላዊት ስምንቷን ሰከንድ አጠፋች። ዳቦው ሰዓት ሳይሆን ሰው ይጠብቅ አለች። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት ሰብሳቢው፣ መንገዱን እስኪጨርስ ድረስ ቆራሹ ይቁም፤ ሙሴው ሲገባ ይቁረስ። እንዲህ ማሰቧ አያስደንቅም። በእኛ አገር ሙሴው ሳይገባ ማን ዳቦ ይነካል? እሱ ከገባም ሌላው ሁሉ ከኋላው ተከትሎ ገብቷል ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ ግን የእኛ አገር ሰው አይደለም። አሥራ ሁለቱም የየራሳቸው ኮሩቲን ናቸው፤ የየራሳቸው እርምጃ፣ የየራሳቸው እረፍት አላቸው። የላፕቶፑን ፍጥነት አሳንሳ እንደ የሱፍ ኮምፒዩተር አስመስላ ሞከረችው። ሙሴው ጎረምሳ ነበርና ሁሉንም ቀድሞ ገባ፣ ተቀመጠ፤ ዳቦው ተቆረሰ። አሥራ አንዱ መንገድ ላይ ቀሩ።

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«ምነው አንቺ» አሉ መሪጌታ ከጓሮው፣ በመስኮቱ በኩል። «እንደ ደከመ በሬ የምትተነፍሺ?»

«ዳቦው አስቸገረኝ አባ።»

«የምን ዳቦ?»

«የማኅበር። ሰው ሳይሰበሰብ ይቆረሳል።»

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «የማን ማኅበር ነው እንዲህ የተዋረደ?»

«የጨዋታ ነው አባ። ኮምፒዩተር ውስጥ ያለ።»

«ቢሆንስ? ኮምፒዩተር ውስጥ ስላለ ሥርዓት የለውም? ሙሴ አልሾመም?»

«አለው። እሱ ሲገባ ነው የሚቆረሰው።»

«የቀሩትስ?»

«መንገድ ላይ ናቸው።»

«ይሻር!» አሉ መሪጌታ። «እንዲህ ያለ ሙሴ ዛሬውኑ ይሻር!»

እድላዊት ሳቀች። ከሳቀች ብዙ ቀን ሆኗት ነበር፤ ድምፁ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ፊት ደግሞ ስምንት ሰከንድ እንዲጠብቁ አድርጌ ነበር።»

«ስምንት ሰከንድ! በስምንት ሰከንድ ማን ጫማውን ያገኛል?» አሉና እሳቸውም ጥቂት ሳቁ። «ለመሆኑ መጨረሻ የሚቀረው ማን ነው?»

«አንድ ሽማግሌ ነው። መቋሚያ የያዘ። እንደ መሪጌታ ገብረ ሕይወት አድርጌ ነው የሣልኩት።»

የአባቷ የዜማ ጓደኛ መሪጌታ ገብረ ሕይወት ባለፈው ኅዳር ነው ያረፉት።

«ገብረ ሕይወት እዚያ አለ?» አሉ መሪጌታ፣ ዝግ ብለው።

«መልካቸው ብቻ ነው አባ።»

«ይዘገያል?»

«ከሁሉም በኋላ ነው የሚገቡት።»

«አዎ። እሱን ነው የሣልሽው።» እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አሸት አሸት አደረጉ። «አርባ ዓመት ማኅሌት ላይ እኔ በቀኝ፣ እሱ በግራ ቆምን። እኔ እመራለሁ፤ ዝም እላለሁ፤ እሱ ያነሣል። ጎታታ ነበር። አንዷን ቃል ይዞ ጋይንትን ዞሮ ይመለሳል። ዲያቆናቱ ቆመው ያንቀላፋሉ። ስንቴ ተጣልተናል መሰለሽ?»

«ታዲያ መቼ እንደሚቀጥሉ በምን ያውቃሉ? ይቆጥራሉ?»

«ምኑ ይቆጠራል? ሲጨርስ ነዋ! እሱ ሲጨርስ ካቆምኩበት እነሣለሁ። ጥዬው ከሄድኩማ ዜማ መሆኑ ቀርቶ ሩጫ ሊሆን ነው።»

የእድላዊት ጣቶች ፊደሎቹ ላይ ቆሙ። ስለ ዳቦው እያሰበች ነበር፤ አሁን ግን ስለ ዳቦው አልነበረም።

«አባ… ጠዋት ዝም ያሉት…»

«ተራው የእሱ ነበራ» አሉ መሪጌታ፣ የታወቀ ነገር እንደተጠየቀ ሰው።

«ረስተው አልነበረም?»

«ረስተው! ብርነሽ ረሱ እያለች ለሰፈሩ ስታወራ እሰማለሁ እኮ። የጠፋው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬ አለ።»

«ለምን አልነገሯትም ታዲያ?»

«ምን ብዬ? የሞተ ሰው እጠብቃለሁ ብዬ?» ፊታቸውን ወደ ፀሐይዋ መለሱ። «ረሳ ቢሉኝ ይሻላል።»

እድላዊት ከኅዳር ወዲህ በዚያ ዝምታ መኻል ስንት ጊዜ «ምሳ ላቅርብ» እንዳለች፣ ስንት ጊዜ «ብርድ ነው ይግቡ» እንዳለች አሰበች። በሰው ተራ እየገባች።

ከዚያ ሥራዋን ሠራች። ሙሴውን ሻረችው። ደፍ የረገጠው ሁሉ ይቆጠር አለች፤ አሥራ ሁለት እስኪሞላ ቆራሹ ይቁም፤ ሰዓት የሚባል ነገር አይመልከት። ሦስት መስመር ብቻ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሦስት መስመር ነበር የጎደላት።

ስምንት ሰዓት ላይ የሱፍ ከሶላት ተመልሶ ሱቁን ሲከፍት እድላዊት በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጨዋታውን ጫነችው። ጭናም ሳትጨርስ መብራት ሄደ። ሁለት ጊዜ መጣ፣ ሁለት ጊዜ ሄደ። ዘጠኝ ተኩል ሲሆን የሱፍ ተማሮ ጀነሬተሩን አስነሣ።

«ቤንዚኑ እስከ አሥራ አንድ ያደርሰናል ኢንሻ አላህ» አለ። «ከዚያ ወዲያ ግን የማንም ማኅበር በጨለማ ነው።»

እድላዊት ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ተጫወተችው። ውሻውን ሸሸች፣ ወንዙን ተሻገረች፣ አሥራ ሁለቱን በር አንኳኳች። ማኅበርተኞቹ ተነሡ። እየተንቀጠቀጡ፣ በየሱፍ ኮምፒዩተር አቅም፣ መጡ። ሙሴው ገባና ተቀመጠ። ዳቦው አልተቆረሰም። አምስት ገቡ። ስምንት ገቡ። ቄሱ ቆመው ይጠብቃሉ። አሥራ አንድ ሞላ። ወንዙ ዳር መቋሚያ የያዙት ሽማግሌ አንድ እግራቸውን አነሡ።

«ግቡ እንጂ አባቴ!» አለ የሱፍ፣ ኮፒ የሚጠብቀውን ሰው ረስቶ። «ኧረ ግቡ፣ ዳቦው ደረቀ!»

ሽማግሌው ገቡ። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፤ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ቄሱ ባረኩ፣ ዳቦው ተቆረሰ።

«ወላሂ አንጀቴን በሉት!» አለ የሱፍ። «ማሻ አላህ ቲቸር!» አለና ወዲያው ወደ ደንበኛው ዞረ። «የፊቱን ብቻ ነው ወይስ የጀርባውንም?»

እድላዊት ብቻዋን ቀረች። ባዶው መቀመጫ ሁሉ ሞልቷል። የሚያቅፋት ሰው፣ አልነገርኩሽም የሚላት ሰው ፈለገች። ስልኳን አየች፤ ጠዋት ለርብቃ የላከችው መልእክት ገና አልተነበበም። ስልኩን መልሳ ኪሷ ከተተችና ቅጹን ከፈተች። ስም ሞላች፣ የትምህርት ደረጃ ሞላች፣ ጨዋታውን አያያዘች። አሥር ሰዓት ከአሥር ሲል አንዲት ጥያቄ ብቻ ቀረቻት፦ ሥራ መጀመር የሚችሉበት ቀን።

«የፊታችን ሰኞ» ብላ ጻፈች። አጠፋችው። «በሁለት ሳምንት» ብላ ጻፈች።

በሁለት ሳምንት። ስምንት ሰከንድ። እጇ ቆመ።

መጀመሪያ ይላካል፤ ከዚያ መልስ ይመጣል፤ ከዚያ ለአባ ይነገራል ብላ ነበር። አሁን ስታየው የራሷ የድሮ ሁለት መስመር ነው። ላኪው ልኮ ያልፋል፤ ዳቦው ይቆረሳል፤ ሽማግሌው ግን ገና ከወንዙ ማዶ ናቸው።

ከወንበሩ ተነሣች።

«ጋሽ የሱፍ፣ ይህን እንዳይነኩብኝ። እመለሳለሁ።»

«ወዴት?» የሱፍ የግድግዳውን ሰዓት ጠቆመ። «አሥር ከሩብ እኮ ነው! ቀኑን ሙሉ ስትሮጪ የዋልሽው ለዚህች አይደለም እንዴ? ጠቅ አድርጊና ሂጂ!»

«አባን ሳልነግራቸው አልልክም።»

«ደውይላቸው!»

«ይኼ በስልክ አይሆንም።»

የሱፍ ጀነሬተሩን በጆሮው ለካው። «እስከ አሥራ አንድ» አለ። «ከዚያ በኋላ በእኔ አትፍረጂ።»

ገበያው ሊበተን ነው። ሰው ሁሉ ከአርብ ገበያ ወደየአገሩ ሲወጣ እሷ ወደ ውስጥ፣ በአህያና በባዶ ጆንያ መኻል እየተሽሎከለከች ሮጠች። ብርነሽ ከበሩ ላይ «ወለደ?» ስትላት አልሰማቻትም።

መሪጌታ እዚያው ግድግዳ ሥር ናቸው፤ ፀሐይዋ ግን ወደ እግራቸው ወርዳለች። የማታውን እያደረሱ ነበር። እድላዊት እያለከለከች አጠገባቸው ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ድምፃቸው ከፍ አለ፣ ተጠመዘዘ፣ መኻል ላይም ቆመ።

ዝም አሉ።

አሁን ነው ጊዜው። «አባ» ልትል አፏን ከፈተች። የስልኳ ሰዓት አሥር ከሠላሳ አምስት ይላል። አባቷ አገጫቸውን ትንሽ ወደ ግራ፣ ማንም ወደሌለበት፣ ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። አፏን ዘጋች። ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝምታውን እስከ መጨረሻው ሰማችው። ረጅም ነው። ዲያቆን ቆሞ ሊያንቀላፋ የሚችልበት ያህል ረጅም ነው።

መሪጌታ ካቆሙበት ቀጠሉ። የሚቀጥለው የተራ መለወጫ ላይ ሲደርሱ እንደገና ቆሙ።

ይህችን ዜማ ታውቃታለች። ልጅ ሳለች «ሴት ልጅ ድጓ ምን ይሠራላታል» ለሚሉት ሁሉ «ጆሮዋን ይገርዝላታል» እያሉ እሳቸው ናቸው ያስተማሯት፤ ይህችንም እዚሁ ግድግዳ ሥር። ከተወችው አሥራ ሦስት ዓመት ሆኗታል። ጉሮሮዋን ጠረገችና የግራውን አነሣችው።

ድምጿ ሻካራ ነበር፤ ሩጫውም አልለቀቃትም። የመሪጌታ ሌባ ጣት ብድግ አለ። እድላዊት አቋረጠች።

ያቺ ጣት አየር ላይ እንዳለች ነበረች።

«ቀስ በይ» አሉ መሪጌታ። «እሱ እንዲህ አይቸኩልም ነበር።»

ስልኳ እጇ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤ የሱፍ ነው። ድንጋዩ ላይ በፊቱ ደፋችው። ትንፋሿን ሰበሰበችና ከመጀመሪያው አነሣችው፤ ቀስ ብላ፣ አንዷን ቃል ይዛ።